በጋድ ዕለት የተሳለ ቢላዋ

ጠጅቱ ነገሩን የሰማችው በግድግዳ በኩል ነው። ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው ግቢ ውስጥ አንዱን ቤት ከሌላው የሚለየው ኮምፔርሳቶ ነው፤ ኮምፔርሳቶ ደግሞ ዓይን ይከልላል እንጂ ጆሮ አይከልልም። ጎረቤት ሲኳረፍ፣ ሲታረቅ፣ ሬዲዮ ሲከፍት፣ ስኳር ሲያልቅበት ሁሉም ይሰማል። የግቢው ሰው የሰማውን እንዳልሰማ ሆኖ መኖርን ተክኖበታል፤ ያለዚያ እንዴት ተደርጎ ይኖራል? የዚያን ዕለት ግን፣ የ1976 ዓ.ም. የገና ዋዜማ፣ በጋድ ማለዳ፣ ጠጅቱ እንዳልሰማች መሆን አቃታት። ከግድግዳው ወዲያ የቅርጫው ጸሐፊ ገረሱ ለሚስቱ ለእንዳለች ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። ነገ ሥጋውን የሚቆርጥና የሚመድብ ባለሙያ ከሰንጋ ተራ እንደሚመጣ፣ ከሰውየው ጋር ዋጋ ተነጋግሮ እንደጨረሰ፣ ለጋሼ ገብረየሱስ ግን እስካሁን እንዳልተነገራቸው ነገራት። «ምን ብዬ ልንገራቸው? ነገ እዚያው ሲደርሱ ያዩታል። በመስቀል የደረሰንን ሥጋ አይተሽዋል፤ ውሻ የጎተተው ነበር የሚመስለው» አላት። እንዳለች ያሳዝናሉ አለች። ገረሱም ያሳዝናሉ አለ። አዝነው ሲያበቁ ሬዲዮ ከፈቱ።

ገብረየሱስ የጠጅቱ ባል ነው፤ አርባ አንድ ዓመት አብረው ኖረዋል። ሠላሳውን ዓመት ተክለ ሃይማኖት በረንዳ ላይ ልብስ ሲሰፋ የኖረ፣ ሰው ከሩቅ ሲመጣ አይቶ የትከሻውን ልክ በቃሉ የሚናገር ሰው ነበር። ስፌቱን ከተወ ሁለት ዓመት ሆነው። የስፌት መኪናው አረጀ አለ። መኪናው ግን ምንም አልሆነም፤ ጥግ ላይ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ ሬዲዮ ተሸክሞ ተቀምጧል። ያረጀው ሌላ ነገር እንደሆነ ጠጅቱ ያወቀችው አንድ ቀን በር ላይ ለተሰቀለ ካፖርት «ደህና አደርክ ወይ?» ሲለው ነው። ካፖርቱ ስላልመለሰለት ቅር ብሎት ገባ። እሷም ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፍና ካፖርቱን ሌላ ቦታ ሰቀለችው። ስለ ዓይኑ እሱም አላነሳ፣ እሷም አልጠየቀች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ክፍል ውስጥ ያንን ዝምታ ሲዞሩት ከረሙ። ስፌቱ ከቀረ በኋላ የቀረችው የቅርጫው ሥራ ብቻ ናት። አሥር ቤት አርባ አርባ ብር አዋጥቶ በሬ ይገዛል፤ ጎረምሶቹ አርደው ይገፍፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ያንን በሬ እኩል አሥር ቦታ ማድረግ የገብረየሱስ ነው። ሚዛን የለም፤ ሚዛኑ እጁ ነው። ደግሞ የመደበ ሰው ዕጣ አያወጣም፤ ዘጠኙ ዕጣቸው የጣለላቸውን ካነሱ በኋላ ኮባው ላይ የቀረችው የእሱ ናት። አንዱን አሳንሶ ሌላውን ቢያበዛ ያነሰችው ለራሱ ልትቀር ትችላለች ተብሎ የተሠራ ሥርዓት ነው። ገብረየሱስ በዚህ ሥርዓት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኮርቶ ኖሯል፤ ከበዓል በዓል የሚያደርሰውም ይኸው ነው።

ጠጅቱ ወደ አልጋው ዞር አለች። ገብረየሱስ ጋቢውን ተከናንቦ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ተኝቷል፤ ትንፋሹ አንድ ዓይነት ነው። እሰይ፣ አልሰማም አለች በሆዷ። ከዚያ እሳቱን እያራገበች ነገሩን ታወጣው ታወርደው ጀመር። ገረሱ ዋሸ አትልም፤ የመስቀሉ ሥጋ ተበጣጥሶ እንደነበር እሷም አይታለች። እጁ ግን አልከዳውም። አሁንም ሁለት ድንች ብትሰጠው የትኛው እንደሚከብድ ይነግራታል። የከዳው ቢላዋው ነው። ድሮ ሲስል ስለቱን ወደ ብርሃን አንስቶ ያየው ነበር፤ በመስቀል ዋዜማ ግን አንዱን ቦታ ደጋግሞ ሲፈትግ፣ አንዱን ቦታ ጭራሽ ሳይነካ ሲያልፍ አጠገቡ ተቀምጣ አይታ ዝም ብላዋለች። ዝም ማለቷ አሁን ቆጫት። ነገ ዘጠኝ አባወራ በተሰበሰበበት፣ ቢላዋውን ይዞ ከቤቱ ሲወጣ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ቦታው ላይ ቆሞ ያገኛል። ያንን ልታይ አትችልም። ቢላዋው ስል ከሆነ ማን ምን ሊል? ስለዚህ ቢላዋውን እሷ ትስለዋለች። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ከመጠቅለል በቀር ነክታው አታውቅም፤ ለሽንኩርቷ ሌላ ትንሽ ቢላዋ አላት። ግን በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሃምሳ ስምንት ዓመቷ ፊደል ቆጥራ ስሟን የጻፈች ሴት ናት፤ ስለት ከፊደል ይከብዳል እንዴ? ገብረየሱስ ቢላዋውን በየዋዜማው የሚስለው ወደ ማታ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። እስከዚያ ቀኑ የእሷ ነው።

ገብረየሱስ ተነስቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ዘንጉን ይዞ ለቅዳሴ ወጣ። የጋድ ቅዳሴ የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ እስከዚያ ከሽማግሌዎቹ ጋር የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ይቀመጣል፤ መንገዱን ለእግሩ ትቶለታል፣ እግሩ ያውቀዋል። ጠጅቱ ከአልጋው ሥር ጥቅሉን ሳበች። ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ፣ እጀታው ቀንድ የሆነ ረጅም ቢላዋ ነው፤ ቡታጅራ ገበያ ከገዛው ሃያ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ጾሙን ዝገት እንዳይበላው በበሬ ሞራ ታሽቶ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ጨርቁን ከላይ በጋዜጣ ደርባ፣ በነጠላዋ ሥር ይዛ ወጣች። በር ላይ አብዮት ጠባቂው መሣሪያውን ደገፍ ብሎ የያዘችው ምን እንደሆነ ጠየቃት። በጋድ ምን ይያዛል ልጄ፣ ጎመን ነው አለችው፤ ሦስት እርምጃ ሄዳ በጾም መዋሸቷ ትዝ ብሏት አማተበች። ጥጉ ላይ ሽንኩርት ዘርግታ የምትሸጠው ባፈና ወዴት ነው ስትላት ደግሞ ቢላዋ እንዴት እንደሚሳል ታውቅ እንደሆነ መልሳ ጠየቀቻት። ባፈና ከት ብላ ሳቀች። እሷ ሲኒ ገልብጣ በቂጡ ነው የምትስለው፤ ለሽንኩርት ለቲማቲም ይበቃል፣ ሲኒው ግን የማይወደድ መሆን አለበት። ለበሬስ? ብላ ጠየቀቻት ጠጅቱ። ለበሬ ስንት ሲኒ ይበቃሻል አለቻት ባፈና።

ተክለ ሃይማኖት አደባባይ አጠገብ በእግሩ የሚረገጥ መዘውር ተክሎ ቢላዋና መቀስ የሚስል ሰው አለ። በዓል ስለሆነ ሰው ተሰልፎለታል፤ ዋጋው ሃምሳ ሳንቲም ነው፤ ጠጅቱም ወረፋ ያዘች። ፊቷ ያለው ሰው የሆቴል ቢላዋዎች በጆንያ ይዞ መጥቷል። መዘውሩ ሲሽከረከር ቢላዋው ይጮሃል፣ ብልጭታው ይረጫል፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ያብለጨልጫል። ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል። እሷ ግን ብልጭታውን ትታ ከመዘውሩ ሥር የተጠራቀመውን የብረት ብናኝ ታይ ጀመር። ያ ሁሉ ብናኝ ቢላዋ የነበረ ነው። ተራዋ ሲደርስ አንድ ቢላዋ ስንት ጊዜ እንዲህ ሊሳል እንደሚችል ጠየቀችው። ሰውየው ሐቀኛ ነበር፤ እስኪያልቅ አላት። ጠጅቱ በጋዜጣው ላይ የቢላዋውን ወገብ ዳበሰችው። ሃያ ስምንት ዓመት ድንጋይ ላይ ሲመላለስ ድሮም ቀጥኗል፤ ለዚህ እሳት የሚበቃ ሥጋ የለውም። እግዜር ይስጥህ ብላው ከሰልፉ ወጣች፤ ከኋላዋ ያለችው ሴት መቀሷን ይዛ ወዲያው ቦታዋን ሞላች።

ከዚያ አልፋ ወደ አብዱልመናን ሱቅ ሄደች። አብዱልመናን ሚስማር፣ ቁልፍ፣ የፋኖስ ክር፣ መርፌና አዝራር የሚሸጥ የስልጤ ሰው ነው፤ ገብረየሱስ ሠላሳ ዓመት መርፌ የገዛው ከአባቱና ከእሱ ነው። ስለ ሰላምታ ስለ ጤና ስለ ልጆቹ ተጠያየቁና ጉዳይዋን ነገረችው፤ የማን ቢላዋ እንደሆነ አልነገረችውም፣ አልጠየቃትምም። ሁለት ዕቃ አውርዶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠላት። አንዱ ክብ ሞረድ ነው፣ ሰባት ብር። ሌላው ባለ ሁለት ፊት ድንጋይ ነው፣ ባንድ በኩል ሻካራ በሌላው ልስልስ፣ አሥራ አራት ብር፤ የውጭ ዕቃ መግባት ከቀረ ወዲህ የመጣ የለም፣ የቀረው ይኸው ነው። ሞረዱን ለሚያውቅ ሰው እንጂ ለጀማሪ አልመክርም አላት። ሞረድ ድሮ የነበረውን ስለት ያቃናል እንጂ የሌለውን አያወጣም፤ ያላወቀበት ሰው ሲያጋጭበት ደግሞ የነበረውንም ያጠፋዋል። ድንጋይ ታጋሽ ነው፤ ቢሳሳቱ ቀስ ብሎ ነው የሚያበላሸው፣ ለመመለስ ጊዜ ይሰጣል። ጠጅቱ ይህን ስትሰማ ቢላዋውን ልታሳየው ጥቅሉን ፈታችው። የሞራው ሽታ ሱቁን ሞላው። አብዱልመናን ሊቀበላት የዘረጋውን እጅ ቀስ ብሎ ሰበሰበ፤ የክርስቲያን ሥጋ የቆረጠ፣ የክርስቲያን ሞራ የተቀባ ቢላዋ ነው። እሷም ደነገጠች፤ አንዱ ስላንዱ አፈሩ። ከዚያ እሱ ፈገግ ብሎ ከመደርደሪያው የእንጨት ማስመሪያ አነሳ።

«እርስዎ ቢላዋዎን ይያዙ፣ እኔ ማስመሪያዬን እይዛለሁ» አላት። «የማደርገውን እያዩ ያድርጉ።»

እንዲህ ሆነው ባንኮኒውን መሐል አድርገው፣ እሱ በማስመሪያ እሷ በቢላዋ፣ ቀኑን ሙሉ ገበያ የሌላቸው ይመስል ተማማሩ። ዋናው ነገር ጉልበት አይደለም፣ ማዘንበሉ ነው፤ መጀመሪያ ያዘነበሉትን ያህል እስከ መጨረሻው ማዘንበል ነው። እጅ እስኪለምድ አሥር ሳንቲም በአሥር ሳንቲም ላይ ደርበው ድንጋዩ ላይ ያስቀምጡ፣ የቢላዋውን ጀርባ እዚያ ላይ ያስደግፉ፣ እጅዎ ያንን ከፍታ ሲይዘው ሳንቲሙን ያንሱት። አንዱን ጎን ሲፈትጉ በወዲያኛው ጎን ጣትን የሚይዝ ቀጭን ነገር ይወጣል፤ ከእጀታው እስከ ጫፉ ሲወጣ ያኔ ይገልብጡት፣ ሳይወጣ አይገልብጡት። መጨረሻ ላይ ቀበቶ ላይ ወደ ኋላ ጎተት ጎተት ያድርጉት። ጠጅቱ አንድ በአንድ እየደገመች ያዘችው። አሥራ አራቱን ብር ግን አልያዘችም፤ ዘጠኝ ብር ነው ያላት። ቤት ያለው አሮጌ ድንጋይ አይሆንም ወይ? ብላ ስትጠይቀው ምን ዓይነት እንደሆነ ያሳዩኝ አላት፤ መዳፏን እንደ ጭልፋ ጎድጎድ አድርጋ አሳየችው። አብዱልመናን መዳፏን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«የታመመው ድንጋዩ ነው፤ ጎድጉዷል። የእሱን ጥፋት በቢላዋው ላይ እያሳበቡ ነው የከረሙት» አላት። «አዲስ አይግዙ። እርጥብ አሸዋ ሲሚንቶ ላይ ነስንሰው ድንጋዩን በፊቱ ደፍተው ይፈትጉት፤ ዝርግ እስኪሆን። ይደክማል እንጂ ወጪ የለውም።» ከዚያ ዕቃዎቹን ወደ መደርደሪያው እየመለሰ፣ ጋሼ ገብረየሱስን ሰላም ይበሉልኝ አላት። መጨረሻ የመጡ ጊዜ ሃያ መርፌ ገዝተው ሃያውንም ክር አስገብቼ ሰጥቻቸው ነበር አለ። ጠጅቱ ያን ጊዜ ገባት። መኪናው አረጀ ከማለቱ በፊት ብዙ ጊዜ በሰው ዓይን ሰፍቷል ማለት ነው፤ ይህ ሰውም ሁለት ዓመት ሙሉ ለማንም ትንፍሽ አላለም። መንገድ ላይ እንባዋ መጣ፣ ሽንኩርት የያዘች ይመስል በነጠላዋ ጠረገችው።

ቤቷ ስትደርስ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። ከቤቱ ጀርባ፣ የልብስ ማጠቢያው ሲሚንቶ ላይ፣ ለቀበሌው ግንብ ከተከመረው አሸዋ ሁለት እፍኝ አምጥታ ነሰነሰች፤ ውሃ ጠብ አድርጋ ድንጋዩን ደፍታ ትፈትግ ጀመር። መጀመሪያ ዳርና ዳሩ ብቻ ነጣ፤ መሐሉ እንደጠቆረ ነው። ያ ጥቁር ከነጩ ጋር እኩል እስኪሆን መፈተግ አለባት። ያ ጉድጓድ የሃያ ስምንት ዓመት ዋዜማ ነው፤ ገና፣ ፋሲካ፣ መስቀል፣ ልጃቸው ፀሐይቱ የተወለደችበት፣ ፀሐይቱ የተዳረችበት፣ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ፤ እሷ እየፈተገች ታጠፋዋለች። እንዲህ እያሰበች ትንሽ ቆም አለች፣ ከዚያ ሞኝ አትሁኚ ብላ ቀጠለች። እንዳለች ልብስ ልታጥብ መጥታ ምን እየሠራሽ ነው ብትላት ድንጋይ እያጠብኩ ነው አለቻት። እንዳለች በጋድ ድንጋይ የሚያጥብ ሰው አይታ አታውቅም፤ ግን ከማለዳው ወሬ በኋላ ዓይኗን ለማየት ስላፈረች ባልዲዋን ይዛ ተመለሰች። ጠጅቱ ወገቧ እስኪቆረጥ ፈተገች። ድንጋዩ ዝርግ ሲሆን ሳንቲሞቹን ደርባ ቢላዋውን ያዘች። ሁለቴ ተሳስታ ሳንቲሙን ራሱን ሳለችው፤ አንዴ አውራ ጣቷን ነካት፣ በጨርቅ አሰረችው። ከዚያ ግን እጇ ከፍታውን ያዘው። ከእጀታው እስከ ጫፉ፣ ከእጀታው እስከ ጫፉ፤ ድምፁ ከሻካራ ወደ ለስላሳ ሲለወጥ ራሷ ሰማችው። በወዲያኛው ጎን ጣቷን የሚይዝ ነገር ሲወጣ ብቻዋን ሳቀች። ገልብጣ ሳለችው፣ በገብረየሱስ አሮጌ ቀበቶ ጎተተችው። መሞከሪያ ስታጣ የመሠረተ ትምህርት ደብተሯን አምጥታ ከኋላው ገጽ ቀደደች፤ ቢላዋው ወረቀቱን ምንም ሳይጎትት ከላይ እስከ ታች ለሁለት አለፈበት። ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች፤ የምስክር ወረቀት የተቀበለች ቀን እንኳ እንዲህ አልኮራችም።

ያኔ የዘንጉን ድምፅ በር ላይ ሰማች። ቢላዋውን በዚያው በሞራው ጨርቅ ጠቅልላ ድንጋዩን በቦታው መልሳ፣ እጇን በውሃ አለቅልቃ ሽሮውን ጣደች። ሳሙና የለም፤ የቀበሌው ሱቅ ለወሩ የሰጣት አንድ ሳሙና ካለቀ ሳምንቱ ነው። ገብረየሱስ ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም አልቀመሰም። ማዕዱን አቀረበች፣ እጁን አስታጠበችው። ውሃው እየፈሰሰ ሳለ አፍንጫው ሁለቴ ንቅንቅ ሲል አየችው። ዓይኑ በደከመ ቁጥር አፍንጫው በርትቷል፤ የጎረቤት ወጥ ጨው ማነሱን በግድግዳ በኩል የሚያውቅ ሰው ነው። ጠጅቱ እጇን አየች። ጣቶቿ ላይ ሞራው ያብረቀርቃል፤ የእንጀራውም ጠርዝ ላይ እሷ የያዘችበት ቦታ ያብረቀርቃል። በጋድ፣ አርባ ሦስቱን ቀን ጾመው ሲያበቁ፣ ለባሏ ሽሮ በበሬ ሞራ አቅርባለታለች። ተወው ልትል አፏን ከፈተች፤ ተወው ካለች ግን ምን ነክተሽ ነው ይላታል፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ይወጣል። ገብረየሱስ ጉርሻውን ወደ አፉ አስጠግቶ ያዘ። ያዘ። ከዚያ አማተበና ጎረሰ። ቀስ ብሎ፣ የእንጀራውን ጠርዝ ሳያስቀር፣ በላው። ሲጨርስ ጣፍጧል አለ፤ ሌላ ምንም አላለም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደ ልማዱ ደፉ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ ቢላዋውንና ድንጋዩን አምጪ አላት። ጠጅቱ በሥራው ተጠምዳ ነገሩ እዚህ እንደሚደርስ ረስታው ነበር። ቀን ሙሉ የሳለችውን አሁን እሱ መልሶ ያጠፋዋል፤ አትሳል ብትለው ደግሞ ዓይንህ አያይም ማለቷ ነው። አምጥታ ሰጠችው፤ በሩ ጋ ቆመች። ገብረየሱስ ድንጋዩን ጭኑ ላይ አደረገ። እንደ ሁልጊዜው አውራ ጣቱን መሐሉ ላይ አሳረፈ፤ ጉድጓዱን ፈልጎ አጣው። ጣቱ ከዳር ዳር ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። ከዚያ ጥቅሉን ፈታ፣ አውራ ጣቱን ከስለቱ አግድም አድርጎ እንደ ነገሩ አስነካው፤ ቶሎ አነሳው። ከዚያ ውሃ ጠብ አድርጎ መሳል ጀመረ። እሷ ይህን ድምፅ በግድግዳ ሳይሆን በልቧ ታውቀዋለች፤ የአሁኑ ያ አይደለም። ደነዝ፣ ወፍራም፣ ብረት በድንጋይ ላይ ዝም ብሎ የሚንሸራተትበት ድምፅ ነው። ቀስ ብላ ቀርባ አየች። ገብረየሱስ ቢላዋውን ገልብጦ በጀርባው ነው የሚስለው፤ ስለቱ ወደ ሰማይ ነው። እንደ ወትሮው ሩብ ሰዓት ያህል በጀርባው ስሎ፣ ስለቱ በደንብ ወጣ ብሎ ጠቅልሎ ሰጣት። ጠጅቱ ተቀበለችው፤ ማታውን ሁለቱም ስለ ፀሐይቱና ስለ ብርዱ ብቻ አወሩ።

የገና ጠዋት ጎረምሶቹ በሬውን ጥለው ገፍፈው ሲጨርሱ ኮባው ተነጠፈ፣ አባወራዎቹ ተሰበሰቡ። ከሰንጋ ተራ የመጣው ሥጋ ቆራጭ ጋዋኑን ለብሶ ሁለት ቢላዋና አንድ መጥረቢያ ይዞ ከበሬው ራስጌ ቆሟል። ወጣት ነው፤ የገባበትን ነገር ስላላወቀ እንኳን አደረሳችሁ እያለ ሁሉንም ይጨብጣል። ገብረየሱስ በአንድ እጁ ቢላዋውን፣ በሌላው የጠጅቱን ክንድ ይዞ ወጣ። ክንዷን በሰው ፊት ይዞ ሲሄድ ያ የመጀመሪያው ነው። ገረሱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ገረሱ፣ አትቸገር» አለው ገብረየሱስ። «ባለሙያ እንደጠራህ ትናንት ጠዋት ሰምቻለሁ። ያ ግድግዳ ለእኔም ስስ ነው።»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ጠጅቱ ትንፋሹ አንድ ዓይነት የነበረውን የተከናነበ ሰው አስታወሰችው።

«ዓይኔ ደክሟል» አለ ገብረየሱስ። «እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም፤ መኪናው አረጀ እያልኩ ነበር። በመስቀል ሥጋችሁን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ዛሬ ቢላዋዬን ለዚህ ልጅ ሰጥቼ ልቀመጥ አስቤ ነበር። ግን ጠጅቱ ሳለችው። ይኸው፣ ባለሙያው ይሞክረው። ከቆረጠ እመድባለሁ፤ ካልቆረጠ ጠቅልዬ እገባለሁ።»

ወጣቱ ቢላዋውን ተቀብሎ አገላብጦ አየው፤ ከታፋው ላይ ጅማት ያለበትን ቦታ መርጦ አንድ ጊዜ ብቻ ሳበው። ሥጋው ምንም ሳይጎተት ተከፈተ። ወጣቱ ጠጅቱን አያት፣ የታሰረ አውራ ጣቷንም አየ፣ ቢላዋውን በእጀታው በኩል ለገብረየሱስ መለሰለት። ሥጋው የእርስዎ ነው አባባ፣ እኔ በመጥረቢያዬ አጥንቱን እይዛለሁ አለው። እንዲያ ሆነ። ገብረየሱስ ቆረጠ፣ በመዳፉ መዘነ፣ ከዚህ አንስቶ ወደዚያ ጨመረ። ስለቱ ሲደክምበት ቀና ሳይል ቢላዋውን ወደ ኋላ ይዘረጋል፤ ጠጅቱ ዘጠኝ አባወራ እያያት ድንጋዩ ላይ ሦስት አራት ጊዜ አመላልሳ ትሰጠዋለች። አሥሩ መደብ ተሰልፎ ሲያልቅ የትኛው ከየትኛው እንደሚበልጥ የሚናገር ሰው አልተገኘም። ዕጣ ተጣለ፣ ዘጠኙ አነሱ፣ የቀረችው የገብረየሱስ ሆነች። ገረሱ የራሱን መደብ አንስቶ ገባ። ትንሽ ቆይቶ የወጥ ቤት ቢላዋቸውን በጨርቅ ጠቅልሎ ተመልሶ መጣ። «እትዬ ጠጅቱ፣ ለጥምቀት… ጊዜ ካለዎት» አላት፣ ዓይኖቹን ሳያነሳ። ይቅርታው ያ ነበር፤ እሷም ተቀበለችው።

ቤት ገብተው በሩን ከዘጉ በኋላ ጠጅቱ እጇን ልትታጠብ ጆጎ አነሳች። ገብረየሱስ እጇን ያዛትና ወደ አፍንጫው አስጠጋው።

«አትታጠቢ። ዛሬማ ተፈትቷል» አላት።

ጆጎውን አስቀመጠች። አጠገቡ ተቀመጠችና የሚያንገበግባትን ጠየቀችው፤ ትናንት ሽሮው ሞራ እንደነካው አውቆ ከነበረ፣ አርባ ሦስት ቀን ጾሞ፣ ለምን በላው?

ገብረየሱስ የታሰረውን አውራ ጣቷን በሁለት ጣቱ ዳሰሰው።

«ጾሜንማ ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ፣ ይፈቱኛል» አላት። «ሽሮሽን ብመልሰው ኖሮ ለማን እነግራለሁ?»